ዘይት የተቀባ ጭንቅላት

ለምወድሽ ልጄ፣

ክርስቶስ ተነሥቷል! ከፋሲካ እስከ ዕርገት ደብዳቤ በሌላ ሰላምታ አይከፈትም ብላ ያስተማረችኝ አያትሽ ናትና እኔም በዚሁ ከፈትኩ። አንቺ እንዴት ነሽ? ባልሽስ? የልጅሽ ሳል ለቀቀው ወይ? ከአቴንስ አቧራ ነው ብዬሽ ነበር፤ አሁንም ብደግመው ነገር ፍለጋ ይመስልብኛልና ትቼዋለሁ። እኛን ብትጠይቂ፣ እኔ ከቀኝ እጄና ከፊቴ በቀር ደኅና ነኝ። ወይኑ አቆጥቁጧል፤ ዝናቡ ካልከዳን የዘንድሮ ዘቢብ ጥሩ ይሆናል። ሎሚው አብቦ መዓዛው ግቢውን ሞልቶታል። እናትሽ አሁን አጥሩ ላይ ተደግፋ ከጎረቤት ጋር ስለ እኔ እያወራች ነው።

ስልክ እያለ ለምን ደብዳቤ ጻፈ እንዳትዪ። በስልክ ስናወራ «አባዬ አይሰማም፣ ጮክ በል» ትያለሽ፤ እኔ የጮህኩ ሲመስለኝ የትንኝ ድምፅ ይወጣል፤ ከዚያ «በቃ እማዬን አገናኘኝ» ትያለሽ። እናትሽ ደግሞ ስልኩን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ድምፁን ለቃ ነው የምታወራው። በዚህ ቤት በስልክ የሚነገር ምስጢር የለም። ለነገሩ መጻፍ ታዞልኛል። እጄን የምታሠራኝ ባለሙያ የአንደኛ ክፍል ልጆች የሚጽፉበትን ባለ ሰፊ መስመር ደብተር ገዝተህ በትልልቁ ጻፍ ብላኛለች። እንደምታዪው ፊደሎቼ ባቄላ አክለው ይጀምሩና መስመሩ ሳያልቅ ሰሊጥ ይሆናሉ። ሰሊጦቹን በመነጽር አንብቢያቸው።

አሁን ልናደድ። ይህ ፓርኪንሰን የሚሉት በሽታ ከያዘኝ ጀምሮ ሰው ሁሉ አእምሮዬን የሚለካው በፊቴ ነው። ፊቴ አልታዘዝ ብሎ ደረቀ፤ ስስቅም አይስቅ፣ ስገረምም አይገረም። ስለዚህ ደንቆሮ ሆኛለሁ ተባለ። ባለፈው ከእናትሽ ጋር ባሕሩ ዳር ያለው ካፌ ተቀምጠን አሳላፊው መጣና «ለሱ ምን ላምጣለት?» አላት። እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ! እሷም እኔን ሳታየኝ «ሻይ አምጣለት፣ ቡና ያንቀጠቅጠዋል» አለችው። ቡና ሳልጠጣም እንደምንቀጠቀጥ ሁለቱም ያያሉ።

አንቺም አትሻዪም። በደወልሽ ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቂያት ይህችኑ ነው፦ «አባዬ እንዴት ነው? መርሳት ጀመረ?» የስልኩ ድምፅ ተለቆ ሁሉንም እሰማለሁ፤ ጆሮዬን ፓርኪንሰን አልያዘውም። ቀጥለሽ እኔን ታስጠሪና «አባዬ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው? ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነስክ ቁጠርልኝ እስቲ» ትያለሽ። ልጅሽ ፊት ነው ይህን የምታደርጊው። ዕድሜ ልኬን ከቀኙ አትሮንስ ቆሜ የዓመቱን ዜማ በስምንቱ የዜማ ስልት በቃሌ ያዜምኩ ሰው ነኝ። ሰባት መቀነስ የምችል ይመስለኛል።

የነገሩን መነሻ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ግን እንዳንቺ አይደለም የማውቀው። በየካቲት፣ ጌታ ወደ ቤተ መቅደስ የገባበት በዓል ዕለት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ እግሬ መሬት ነክሶ ቀረ። ሰው ገፍቶ አስገባኝ። አትሮንሱ ጋ ስደርስ ላብ አጥምቆኝ፣ ዜማው ጠፍቶኝ፣ የሌላ ቀን መዝሙር ጀመርኩ። የግራው አትሮንስ መሪ አርጊሪስ ተሽቀዳድሞ ተቀበለኝ፤ ይህን ቀን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። «የጠዋት ክኒኔን አልወሰድኩም» አልኳቸው። እናትሽ «በገዛ እጄ አጉርሼሃለሁ!» ብላ በእመቤታችን ማለች። እናትሽ የምትሞላውን የክኒኔን ሳጥን አመጡ፤ የጠዋቱ ክፍል ባዶ ነው። እንግዲያው ውጦታል ተባለ። ባዶ የሆነው መጀመሪያውኑ ሳይሞላ ቀርቶ ሊሆን እንደሚችል ማንም አላሰበም። እኔም አላሰብኩም፤ ይባስ ብዬ በመጨረሻ ውጬዋለሁ ብዬ አመንኩ።

በሚቀጥለው እሑድ መኪናሽን አስነሥተሽ መጣሽ። ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጥሽንና ቤቱ ይዘጋ፣ ወይኑ ይከራይ፣ እኛ አቴንስ አንቺ ቤት ታችኛው ክፍል እንግባ አልሽ። እናትሽ አለቀሰች። «የባሰ አለ አገርህን አትልቀቅ» አልኩሽ፤ ሰማሽኝ ወይ? የትንኝ ድምፅ! ያኔ ነው ውሉን ያመጣሁት። ፓትራስ ከተማ ባለው ትልቁ ሆስፒታል የኔን ዓይነት በሽተኞች ጭንቅላት ላይ ሽቦ ያለው ቆብ እያጠለቁ የአንጎላቸውን ኤሌክትሪክ ያነባሉ። አእምሮው የሚደክም ሰው ገና ሳይደክም በዚያ ይታወቅ እንደሆነ ነው የሚያጠኑት። እኔም ገብቼ ልታይ አልኩ። የኔ አንጎል ምት ዘግይቷል ካሉ የመዘምር ቀሚሴን አጥፌ ያለ አንድ ቃል አቴንስ እገባለሁ፤ አልዘገየም ካሉ ደግሞ በዚህ ቤት ውስጥ አቴንስ የሚባል ከተማ ስሙ አይነሣም። ተጨባበጥን። እጄ ስትንቀጠቀጥ ከንፈርሽን መጠጥሽ፤ አይቼሻለሁ።

ይኸው ሁዳዴ ገባ። ከሆስፒታሉ ለእናትሽ ደወሉላት፦ ጭንቅላቱ በደንብ በሳሙና ይታጠብ፣ ዘይትም ቅባትም እንዳይነካው። «እሺ» አለች። የቀጠሮው ዕለት ጠዋት ወንበር ላይ አስቀመጠችኝና በቅዱሳኑ ሥዕል ሥር በብርጭቆ ያኖረችውን ያለፈው ዓመት የሕማማት ረቡዕ የቀንዲል ዘይት በጥጥ እየነከረች አናቴን፣ ሰረሰሬን፣ ከጆሮዬ ጀርባ ሳይቀር ቀባችኝ። «ኧረ ተዪ» ብላት «ባዶ ራስህን ለማሽን አልሰጥም» አለች። ሽቦው የሚያርፍበት ቦታ ሁሉ ቅዱሳን ቀድመው ይረፉበት ማለቷ ነው። እውነት ለመናገር እኔም ደስ አለኝ። አውቶቡስ ውስጥ እንደ ፋኖስ ዘይት ዘይት እየሸተትኩ ሄድኩ።

ሆስፒታል ገብተን ማሽኑን የምታሠራው ልጅ ቆቡን አጠለቀችልኝ፣ በየቀዳዳው የሚያጣብቅ ነገር ጨመረችበት፣ ስክሪኗን አየችና ፊቷ ተለዋወጠ። መስመሩ ሁሉ የአህያ ርግጫ ሆኗል። ቆቡም ይንሸራተታል። ጎንበስ ብላ ጭንቅላቴን አሸተተችና «ጋሼ፣ ይሄ ዘይት ነው እንዴ?» አለችኝ። እናትሽ ደረቷን ነፍታ «የቀንዲል ዘይት ነው!» አለቻት። ልጅቷ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። «እማማ፣ ባለፈው ሳምንት የመጡት የቅዱስ እንድርያስን መብራት ዘይት ተቀብተው ነበር። ከሳቸው በፊት የመጡት ከገዳም ያስመጡትን። ቅዱሳኑ ሁሉ ይቺን ክፍል አድመውባታል» አለች። ሳቅን፤ እኔም ሳቅሁ፣ ፊቴ ባያሳይም። ሌላ ቀን ተቀጠረልንና ልጅቷ የእናትሽን ሁለት እጆች ይዛ «ከምርመራው በኋላ እንዳሻዎት ይቀቡት፤ ከምርመራው በፊት ግን ጠብታ እንዳይነካው፤ እሺ እማማ?» አለቻት። «ገባኝ ልጄ፣ ሞኝ መሰልኩሽ?» አለች እናትሽ።

ሁለተኛው ቀጠሮ ደረሰ። ራሴን ታጥቤ፣ አድርቄ፣ ወጥ ቤት ስገባ እናትሽ ብርጭቆውን ይዛ ቆማለች፤ ጥጡ በእጇ ነው። «ምን ልታደርጊ ነው?» አልኳት። «ና ተቀመጥ፤ ባዶ ራስህን ለማሽን አልሰጥም» አለችኝ። ቃሏ ያው የመጀመሪያው ነው፤ አንድም አልጨመረችበት፣ አንድም አልቀነሰችም። ከመናገሬ በፊት ጥጡ አናቴ ላይ አርፏል። ልቤን አወለቀችው! ባለችኝ ድምፅ ጮህኩባት፦ «አንቺ ሴትዮ፣ ባለፈው በዚሁ ዘይት አይደለም እንዴ የመለሱን?» አልኳት። «ማን መለሰን? ለኔ ማንም የነገረኝ የለም» አለች። ስትዋሽ ወይም ግትር ስትል ከንፈሯን እንደምትነክስ ታውቂያለሽ። ያን ቀን አልነከሰችም። ከልቧ ገርሟት ነው ያየችኝ፤ እኔን ይበልጥ ያናደደኝ ደግሞ ይሄው ነው። ግቢ ወጥቼ በዚያ ብርድ ቧንቧ ሥር ጭንቅላቴን ደቀንኩ። የመጀመሪያው አውቶቡስ አመለጠን። መንገዱን ሙሉ ተኳርፈን ሄድን።

የዚህ ጥናት ዶክተር ኔፌሊ የምትባል ወጣት ናት። እኔን የምታናግረኝ እኔን እያየች ነው፤ በዚህ ብቻ ወደድኳት። ዐይን ሲጨፈን፣ ሰውየው ሳይተኛ፣ ከጭንቅላት በስተኋላ አንድ የማይቋረጥ ምት ይነሣል አለችኝ፤ በጤነኛ ሰው በሰከንድ ዘጠኝ ዐሥር ጊዜ የሚመላለስ። በአንዳንድ የፓርኪንሰን በሽተኞች ግን ሰውየው ገና ምንም ሳይረሳ ምቱ ቀድሞ ይጎተታል። «አንድ ሥዕል ፍርድ አይደለም፣ ምልክት ነው» አለች። «ገብቶኛል» አልኳት፤ «እኛም ዘንድ ዜማው ሲጎተት መሪው ሊያንቀላፋ ነው ማለት ነው፤ ሕዝቡ ገና ሳያውቅ አጠገቡ የቆመው ያውቃል» አልኳት። ጻፈችው! አንድ ነገር ተናግሬ ሰው ከጻፈልኝ ስንት ጊዜዬ መሰለሽ።

ከዚያ ለማወዳደሪያ የዕድሜ እኩያ የሆኑ ጤነኛ ሰዎች እንደሚያስፈልጓት፣ ብዙ ጊዜም የበሽተኞቹ ሚስቶች እንደሚተባበሯት ነገረችን። እናትሽ ሳቀች፦ «እኔማ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው እሱ ብቻ ነው። ሽቦ ብትሰኩብኝ እሱኑ ነው የምታገኙት» አለች። ግን እሺ አለች። እኔ ስጨርስ እሷ ተቀመጠች፤ ቆቡን አጥልቃ ስትታይ ዋና ልትገባ የተዘጋጀች ኮረዳ መሰለችኝ። «ዐይንዎን ይጨፍኑ፣ እንዳይተኙ» አሏት። «ከዚህ ሰውዬ ጋር ከተጋባሁ ጀምሮ መቼ ተኝቼ» አለች፣ እና ጨፈነች። ኩርፊያዬን ረሳሁት።

ሕማማት መጣ። አርጊሪስ ቤት ድረስ መጥቶ «ጋሼ ፓናጎስ፣ ዘንድሮ ስቅለትን እኔ ልያዝልዎት፣ እርስዎ ይረፉ» አለኝ። አዛኝ ቅቤ አንጓች! «አንተ ዕረፍ» አልኩት። ዓርብ ማታ ቆምኩ። ስናገር የሚጠፋው ድምፄ ሳዜም ይመለሳል፤ ዶክተሯም ይህ በሌሎችም ላይ የታየ ነው ብላኛለች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ቃል ሳልስት፣ አንድ ስልት ሳልለቅ ወጣሁት። አባ ኒቆዲሞስ ግንባሬን ሳሙኝ። አርጊሪስ ዐይኑን መጽሐፉ ላይ ተክሎ ቆየ።

ደስታዬን የበላው እንቁላል ነው። እናትሽ እንደ ወጉ በጸሎተ ሐሙስ እንቁላሉን ቀቅላ ቀይ አቀለመች፣ በትሪ ደርድራ ጨርቅ አልብሳ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጠች። ቅዳሜ ጠዋት ስነሣ ድስቱ ተጥዷል፣ ቀለሙ ተበጥብጧል፣ ሌላ ትሪ ሙሉ እንቁላል ይፈላል። «የሐሙሶቹስ?» አልኳት። «የትኞቹ የሐሙስ?» ጨርቁን ገልጬ አሳየኋት። አየቻቸውና ሳቀች፤ «አንተ ነህ እንቁላል አብዝተህ የገዛኸው፤ በጊዜ ብትነግረኝ ኖሮ» አለች። እኔ እንቁላል አልገዛሁም። ለሰፈሩ በሙሉ አደልን፤ ይኸው እኔ አሁንም እየበላሁ ነው የምጽፍልሽ። ማታ ስትደውዪ እሷ በኔ አሳበበች፣ አንቺም ቃል በቃል እየጎተትሽ፣ ቋንቋ የማያውቅ እንግዳ እንደምታናግሪ «አባዬ፣ እንቁላል ገዝተህ እንደነበር ረሳህ?» አልሽኝ። ስልኩን ዘጋሁብሽ። ተቋረጠ መስሎሽ ነበር፤ አልተቋረጠም።

ውጤቱን ለመስማት የሄድነው ባለፈው ሳምንት ነው። ሁለታችንንም አንድ ላይ አስገባችን። መጀመሪያ የኔን ስክሪኑ ላይ አሳየችኝ። ልጄ፣ እንዴት ያምራል! ዐይኔን ስጨፍን ተነሥቶ እኩል እኩል የሚሄድ፣ ስገልጥ የሚበተን። «ጋሼ ፓናጎስ፣ ምትዎ በዕድሜዎ ካለ ጤነኛ ሰው የምንጠብቀው ነው» አለችኝ። «የዘላለም ዋስትና አይደለም፤ በየዓመቱ እናየዋለን። ዛሬ ግን ጥሩ ነው» አለች። በየካቲት የሆነውንም ስነግራት የክኒን መዛነፍ ይመስላል አለችኝ። ዘልዬ ልነሣ ፈለግሁ፤ እግሬ ባይፈቅድም። ወዲያው ልደውልልሽ፣ ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነስኩ እስከ ታች ልቆጥርልሽ፣ ከዚያ ውላችንን ላስታውስሽ አሰብኩ። አርጊሪስንም አሰብኩት። እንዲህ ደስ ካለኝ ብዙ ጊዜዬ ነው።

ከዚያ ዶክተሯ ወንበሯን አዙራ ወደ እናትሽ ተጠጋች። እጇን ያዘቻት። «እማማ፣ የእርስዎንም አይቼዋለሁ» አለቻት። ባልደረባዋም ደግሞ እንዳየው ነገረቻት። ከዚህ በኋላ ረጋ ብላ፣ ምንም ሳትደብቅ፣ ምንም ሳታስደነግጥ ተናገረች፤ በሚቀጥለው ወር ሌላ ክፍል፣ ሌላ ሐኪም ዘንድ እንድትመጣም ጠየቀቻት። ምን እንዳለቻት እዚህ አልጽፈውም። ስክሪኑ ላይ ሁለቱ ሥዕሎች ጎን ለጎን ነበሩ። እኔ ዜማ ሲጎተት የማውቅ ሰው ነኝ።

እናትሽ እስከ መጨረሻው ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ሰማቻት። «እሺ ልጄ፣ እመጣለሁ፤ ምን ችግር አለው» አለች። ከቦርሳዋ በወረቀት የተጠቀለሉ ሁለት ቀይ እንቁላሎች አውጥታ ሰጠቻትና «ክርስቶስ ተነሥቷል» አለቻት። ዶክተሯ «በእውነት ተነሥቷል» ብላ ተቀበለች፤ ዐይኗን ግን ወደኔ አላነሣችም።

በአውቶቡስ ስንመለስ እናትሽ በመስኮት በኩል ተቀመጠች። ከጣቢያው የገዛችውን የሰሊጥ ዳቦ ለሁለት ገምሳ ትልቁን ለኔ ሰጠችኝ። ድልድዩን አልፈን፣ ባሕሩ ሲታይ፣ ዞር አለችና «ታዲያ ምን አሉህ?» አለችኝ።

«ማንን?» አልኳት።

«አንተን ነዋ! ማሽኑ ምን አለ? መንገዱን ሙሉ ዝም ብለህ ልቤን ሰቀልከው እኮ።»

«ለአንቺስ ምን አሉሽ?» አልኳት ቀስ ብዬ።

«ለኔ? እኔ ምን አገባኝ፣ እኔ አጃቢ» አለች፤ ከቀሚሷ ላይ ሰሊጡን አራገፈች። ከንፈሯን አልነከሰችም።

ይህ የማይታዘዝ ፊቴ ከደረቀ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠቀመኝ ያን ጊዜ ነው። ምንም አላየችበትም። «ዘግይቷል አሉኝ» አልኳት። ዳቦዋን አስቀመጠች። የምትንቀጠቀጠዋን እጄን አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና በሁለት እጇ ከደነቻት። «አይዞህ» አለችኝ፤ «እኔ አለሁልህ። የምትረሳውን ሁሉ እኔ አስታውስልሃለሁ።» ቤታችን እስክንደርስ እጄን አልለቀቀችም። እኔም ዳቦውን በሌላው እጄ እንደያዝኩ ቀረሁ።

እንግዲህ ልጄ፣ ውላችን ውል ነው። ታችኛውን ክፍል አዘጋጂልን፤ ሰኔ ሳይገባ እንመጣለን። ወይኑን የሚከራይ አግኝቻለሁ። አንቺን በማስቸገሬ ደስ አይለኝም፤ ግን ጠይቀሽኝ ነበርና አሁን አትግደርደሪ። የምልሽን ግን እንዳልኩሽ አድርጊ። የጋዙን ምድጃ አውጥተሽ በራሱ የሚጠፋውን የኤሌክትሪክ አስገቢ፤ «ለአባዬ ነው» በያት። የውጭው በር ሲከፈት የሚጮህ ደወል አስተክዪ፤ እሱም ለአባዬ ነው። ዶክተር ኔፌሊ እዚያ ላለ ሐኪም የምታስተላልፈው ወረቀት አለ፤ ለኔ ቀጠሮ ስትይዢ የሁለት ሰው ያዢ፤ እናትሽ አጃቢዬ ናት። ክኒኔን ከአሁን በኋላ ራሴ ነኝ የምሞላው። ግማሹ ወለሉ ላይ ይወድቃል፤ ተንበርክኬ እለቅማለሁ፣ እናትሽም «ተው እኔ ልሙላልህ፣ አንተ ግትር» እያለች ትጨቃጨቀኛለች። አልሰጣትም። ልቧን እያወለቅሁት ነው፣ ታውቃለች፤ ተራዬ ደረሰ።

ትናንት የመዘምር ቀሚሴን አስተኩሼ ለአርጊሪስ ወሰድኩለት። አደባባዩ ላይ፣ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ኡዞ አረቄውን በሚጠጣበት ሰዓት፣ «ጋሼ፣ ጭንቅላትዎ ደከመ ይላሉ፤ እውነት ነው?» አለኝ። እጄ ለጥፊ ተነሥታ ነበር፤ ደግነቱ በሽታው ነው ብለው አለፉት። እናትሽ ክንዴን ይዛ ከጎኔ ቆማለች። «እውነት ነው» አልኩት። «እህ፣ ማሽኑ ነው ያለው» ብላ እናትሽ ለሁሉም አስረዳች፤ «እኔ ባልኖርለት ምን ይውጠው ነበር» አለች። ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠልኝ። ለእሷ ደግሞ «ጎበዝ፣ በርቺ» አሏት። ፊቷ በራ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፤ እንግዲያው ባዳ ሆኖ ይቆይልኝ። ሐኪሟ ስትነግራት ሰምታለች፣ ደግማም ትነግራታለች፤ እኔ ልከለክላት አልችልም። እኔ ዘንድ ያለውን ግን ሆድ ይፍጀው።

እግዚአብሔር ቤትሽን ይባርክልሽ። ልጅሽን ከክፉ ሳል፣ ባልሽን ከክፉ አለቃ ይሰውርልሽ። አንቺን ደግሞ የወለድሽው እንዳንቺ ልብ አውልቅ አይሁንብሽ። ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ስትጨርሺ እሳት ውስጥ ክተቺው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ማታ ስትደውዪ ድምፅሽን እንዳትቀይሪባት፤ ወዲያው ትነቃብሻለች። እንደ ልማድሽ መጀመሪያ ስለ እኔ ጠይቂያት። «አባዬ እንዴት ነው? መርሳት ጀመረ?» በያት። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እኔም አጠገቡ ነኝ። ግድ የለም፣ ጠይቂያት።

አባትሽ